የመንግሥት ቀለብ ከማን ጎተራ ይገዛ?

ለዓመታት የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ቀለብ ሂሳብ 15 ብር ነበር። ኋላ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ዝላይ 100 ብር ገባ። ነገሩ በጊዜው የተወራው ከተማሪው ሳህን አኳያ ብቻ ነው። ይህ የገበያ ገጽ ነውና እኛ በሻጩ በኩል እንየው። 10 ሺህ ተማሪ የሚቀልብ አንድ ዩኒቨርሲቲ በቀን 1 ሚሊዮን ብር፣ በዓመት 300 ቀን ቢቀልብ 300 ሚሊዮን ብር ለምግብ ያወጣል ማለት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከ40 በላይ ናቸው። በዚህ ላይ ማረሚያ ቤቱን፣ ሆስፒታሉን፣ የሠራዊቱን ስንቅና የአዲስ አበባን የትምህርት ቤት ምገባ ብንደምር በእህል በረንዳ ካሉት መጋዘኖች ሁሉ የገዘፈ አንድ ደንበኛ ከፊታችን ይቆማል። ደንበኛው መንግሥት ይባላል።

ይህ ደንበኛ ጤፉን፣ ምስሩን፣ ሽንኩርቱንና በርበሬውን ከማን ይግዛ? ዝቅተኛ ዋጋ ካቀረበው ነጋዴ? ወይስ በአቅራቢያው ካለው ገበሬ፣ ትንሽ ቢወደድም? ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። ብራዚልም አሜሪካም በየፊናቸው ሕግ አውጥተውበታል። የእነሱ ልምድ ለኛ ነጋዴም ለኛ ገበሬም የሚነግረው አለው፤ አንዳንዱ ግን ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

የ15 በመቶው ነገር

በቅድሚያ የኛን ሕግ እንይ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ለአገር ውስጥ ምርት ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥሩን አስቀመጠ፤ ለመድኃኒትና ለሕክምና መገልገያ 25 በመቶ፣ ለሌላ ዕቃ 15 በመቶ፣ ለኮንስትራክሽንና ለማማከር ሥራ 7.5 በመቶ። የአገር ውስጥ ምርት ለመባል ከዋጋው ከ35 በመቶ በላይ የሚሆነው እሴት እዚሁ የተጨመረበት መሆን ነበረበት። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል።

አሠራሩ ለብዙ ሰው ግልጽ ስላልሆነ በምሳሌ እናስረዳ። አንድ የውጭ አቅራቢ በ1,000 ብር፣ አንድ የአገር ውስጥ አቅራቢ በ1,100 ብር ተወዳደሩ እንበል። የ15 በመቶ ልዩ አስተያየት ሲታከል የውጭው ዋጋ ለንጽጽር ብቻ 1,150 ብር ተደርጎ ይቆጠራል። የአገር ውስጡ ያሸንፋል፤ የሚከፈለውም ያቀረበው 1,100 ብር ነው። መንግሥት የ100 ብር ልዩነቱን ለአገር ምርት ሲል ተሸከመ ማለት ነው።

ለብረታ ብረትና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለጤፍና ለምስር ግን ምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲው 2 ሺህ ኩንታል ጤፍ ለመግዛት ጨረታ ሲያወጣ የዩክሬን ወይም የህንድ ጤፍ አቅራቢ ሰነድ አይገዛም። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ እዚሁ ናቸው፤ ልዩ አስተያየቱ የሚሠራበት ባዕድ የለም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ለአገር ውስጥ የእርሻ ምርት የተሰጠ የሚመስለው ቅድሚያ ከስንዴና ከምግብ ዘይት በስተቀር ገበሬው ደጃፍ አይደርስም። ለገበሬው ጥያቄው «የአገር ውስጥ ወይስ የውጭ» አይደለም፤ «እኔ ወይስ ነጋዴው» ነው። ይህን ጥያቄ በግልጽ አንስተው የመለሱት ብራዚሎች ናቸው።

ብራዚል ጨረታውን እንዴት ተወችው?

የብራዚል የትምህርት ቤት ምገባ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎችን ይመግባል። ለአሥርት ዓመታት ምግቡ የሚገዛው ከትልልቅ ኩባንያዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የሉላ መንግሥት «ረሃብ ዜሮ» በሚል ዘመቻ ውስጥ ከአነስተኛ ገበሬዎች ቀጥታ የሚገዛ ፕሮግራም አቋቋመ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 የወጣው ሕግ ቁጥር 11,947 ነገሩን ወደ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት አስገባው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ለምገባ ከሚልከው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ መገዛት አለበት አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ሕግ ይህ ድርሻ ከጥር 2026 ጀምሮ 45 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል።

ብዙ ሰው ስለዚህ ሕግ ሲያወራ 30ን ጠቅሶ ያቆማል። ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ቦታ ነው። ሕጉ ለዚህ ግዥ ጨረታን አነሳ! ማዘጋጃ ቤቱ የሚያወጣው «የሕዝብ ጥሪ» የሚባል ማስታወቂያ ነው። ዋጋው በቅድሚያ በአካባቢው ቢያንስ ሦስት ገበያዎችን አጥንቶ በአማካይ ይወሰናል፤ ማጓጓዣና ማሸጊያም ይታሰብበታል። ዋጋው በጥሪው ላይ ታትሞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማንም በዋጋ አይሻማም። የሚመረጠው በቅርበት ነው፤ በቅድሚያ የዚያው ከተማና ወረዳ ገበሬ፣ ከዚያ የአካባቢው፣ ከዚያ የክልሉ። የመሬት ሥሪት ለውጥ ሰፋሪዎችና ነባር ሕዝቦች ቅድሚያ አላቸው። አንድ ቤተሰብ በዓመት ሊሸጥ የሚችለውም ጣሪያ አለው፤ ሲጀመር 9 ሺህ ሬአል ነበር፣ ቆይቶ ወደ 20 ሺህ፣ ኋላም ወደ 40 ሺህ ከፍ ተደርጓል። ጣሪያው የተበጀበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያለ ጣሪያ ቢሆን ኖሮ አንድ ሀብታም አራሽ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስድ ነበር።

ኤኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል። ይህ ጸሐፊም አጨማድዷል። ውድድር በሌለበት የመንግሥት ገንዘብ ይባክናል ተብሎ ነው የተማርነው። ነገር ግን ዋጋው ከገበያው አማካይ ከተወሰደ መንግሥት የሚያጣው ምንድን ነው? የሚያጣው ትልቁ ነጋዴ በብዛት ገዝቶ ሊያወርድለት ይችል የነበረውን ቅናሽ ነው። ይህ ቅናሽ አለ፤ አይካድም። በምላሹ የሚያገኘው ደግሞ ገንዘቡ በዚያው ወረዳ መዞሩን ነው።

ሁሉም ነገር ግን እንደታሰበው አልሄደም። ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች 30 በመቶውን ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ሕጉ ራሱ ሦስት ማምለጫ በር ትቶላቸው ነበር፤ ገበሬው ሕጋዊ ደረሰኝ ማቅረብ ካልቻለ፣ ያለማቋረጥ ማቅረብ ካልቻለ፣ ወይም የንጽሕና ደረጃው ካልተሟላ ግዴታው ይነሳል። ደረሰኝ፣ አቅርቦት፣ ጥራት። አንባቢ እነዚህን ሦስቱን በልቡ ይያዛቸው፤ እንመለስባቸዋለን።

አሜሪካ በሁለት እጅ

አሜሪካ ነጻ ገበያ ሰባኪ ናት ይባላል። ወደ ወጥ ቤቷ ሲገባ ግን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእርሻ ሕግ ትምህርት ቤቶች ያልተቀነባበረ የአካባቢ ምርት ሲገዙ ለቅርበት ልዩ አስተያየት እንዲሰጡ ፈቀደ። የግብርና ሚኒስቴሩ ግን ለዓመታት «አስተያየት ስጡ እንጂ ሌላውን አትከልክሉ» ሲል ነበር የተረጎመው፤ ትምህርት ቤቱ ለአካባቢው ፖም ነጥብ መጨመር ይችላል፣ «ከዚህ ወረዳ ያልመጣ ፖም አልገዛም» ማለት ግን አይችልም። ይህ የተለወጠው ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ አሁን የአካባቢ ምርት መሆኑን ራሱን እንደ መስፈርት መጻፍ ይቻላል። ልዩነቱ ተራ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። የጨረታ ሰነድ ላይ ተቀምጦ የሠራ ሰው ግን ነጥብና መስፈርት የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቁ ያውቃል።

ሁለተኛው እጅ ግን ወደኛ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የተፈረመው ፐብሊክ ሎው 480 የሚባለው ሕግ የአሜሪካ መንግሥት ለዕርዳታ የሚያወጣውን እህል ከአሜሪካ ገበሬ እየገዛ እንዲልክ መሠረት ጣለ። ከዚህ ጭነት ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ መርከብ መጫን ነበረበት፤ ከ1985 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድርሻው 75 በመቶ ነበር። በትግራይ፣ በወሎና በሐረርጌ ለአሥርት ዓመታት የተራገፈው ስንዴ ከዚሁ ምንጭ ነው። ለኛ ዕርዳታ ነው፤ ለካንሳስ ገበሬ ግን የመንግሥት ግዥ ነው። ፕሬዚዳንት ቡሽ ከገንዘቡ ሩቡ ድረስ በተረጂው አገር አካባቢ እህል ይገዛበት ብለው ሲጠይቁ ኮንግረሱ አልተቀበላቸውም፤ በ2008ቱ የእርሻ ሕግ የተፈቀደው 60 ሚሊዮን ዶላር የሙከራ ገንዘብ ብቻ ነበር። የአገሬውን ገበሬ የሚጠቅም የመንግሥት ግዥ አንዴ ከተጀመረ ተጠቃሚው ነክሶ እንደሚይዘው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

1994

ይህ ለምን ይመለከተናል የሚል ካለ ወደ 1994 ዓ.ም. ይመለስ። በተከታታይ ሁለት ዓመት መኸሩ ሰመረ፤ በቆሎ ሞልቶ ተረፈ። ዋጋው በአንዳንድ አካባቢ እስከ 80 በመቶ ወደቀ። ለማዳበሪያ የተበደረው ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ አንዳንዱም የአጨዳውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስለት በቆሎውን ማሳ ላይ ትቶት ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ፤ እህሉም በመርከብ ከባህር ማዶ መጣ።

በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ነበር። ግን የዋጋውን መውደቅ የሚያቆም ጉልበት አልነበረውም። ዩኒቨርሲቲዎቹ፣ ካምፖቹና የዕርዳታ ድርጅቶቹ በዚያ ዓመት ከትርፍ አምራቹ አካባቢ በብዛት የሚገዙበት ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ችግሩ ሁሉ ይወገድ ነበር ማለት ማጋነን ነው። ነገር ግን ገበሬው ማዳበሪያ ዳግም ለመግዛት የሚያበቃው ዋጋ ያገኝ ነበር።

ለዓለም ምግብ ፕሮግራም መሸጥ

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ ሙከራ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ፒ4ፒ ሲል የሰየመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቢል ጌትስና በሀዋርድ ባፌት ፋውንዴሽኖች ገንዘብ በ20 አገሮች ተጀመረ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ሐሳቡ ድርጅቱ ለዕርዳታ ከሚገዛው እህል የተወሰነውን ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ይግዛ የሚል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብራዚሎቹ ራሳቸው ከፋኦና ከዓለም ምግብ ፕሮግራም ጋር ሆነው ልምዳቸውን ወደ አምስት የአፍሪካ አገሮች ይዘው ሲመጡ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ሙከራው በደቡብ ክልል ተካሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮንትራቶች ላይ የደረሰው ለነጋዴ የሚያስገርም አይደለም። ዩኒየኑ በመኸር ማግሥት ዋጋ ይፈርማል። የገበያው ዋጋ ይወጣል። አባል ገበሬው እህሉን ለዩኒየኑ ማስረከብ ትቶ ደጁ ለመጣው ነጋዴ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። ዩኒየኑ ባዶ መጋዘን ይዞ ይቀራል፤ ኮንትራቱ ይፈርሳል። ገበሬውን መኮነን አይቻልም፤ ዩኒየኑ እህሉን በሚረከብበት ዕለት የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። በ2005 ዓ.ም. ከመኸር በፊት የሚፈረም የበቆሎ ኮንትራት ሲመጣ የተሻለው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኮንትራቱን እንደ ዋስትና ቆጥሮ ለዩኒየኖቹ አበደረ፤ ዩኒየኖቹም በእጃቸው ገንዘብ ይዘው ገበሬው ዘንድ ሄዱ። የግዥ ቅድሚያ ከባንክ ብድር ጋር ካልተጋባ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያየነው በዚህ ነው።

እንዳይደገም የሚፈራው

በዕድሜ የገፋ የእህል ነጋዴ «መንግሥት ከገበሬው በቅድሚያ ይግዛ» የሚል ነገር ሲሰማ ጆሮው የሚቆመው በምክንያት ነው። የደርጉ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትም ከገበሬው ነበር የሚገዛው። ገበሬው ኮታውን ከገበያ በታች በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ ነጋዴው ደግሞ ከሰበሰበው ግማሹን ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ተደርጓል፤ በጎጃምና በአርሲ ይባስ ብሎ የግል ንግዱ ከነጭራሹ ተዘግቶ ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኤኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ያለፈ ታሪክ ነው እንዳንል በ2015 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ ስንዴ አምራቾች ዘንድ የተሰማው ቅሬታ አለ። ስንዴያቸውን ለዩኒየን ከገበያው ባነሰ በተቆረጠ ዋጋ እንዲያቀርቡ ግፊት ሲደረግባቸው፣ ስንዴ ጭኖ ወደ ከተማ የሚሄደውም መኪና በኬላ ሲያዝ ነበር። ይህ ቅድሚያ አይባልም። በብራዚል ሕግ ግዴታው በገዢው ላይ ነው፤ ገበሬው ባይፈልግ አይሸጥም። ግዴታው ወደ ሻጩ በተሻገረ ጊዜ ስሙ ኮታ ነው፤ ነጋዴውም ገበሬውም አብረው ይጎዱበታል።

በመሐል የቆሙት

አሁን ወደ ሦስቱ በሮች እንመለስ። ደረሰኝ አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ላላቀረበ አቅራቢ ገዢው ከክፍያው 30 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር አዘዘ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ከኦዲተር ጋር መጣላት ስለማይፈልግ ፈቃድ የሌለውን ሻጭ ገና ከደጅ ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት ሽንኩርቱ ከዩኒቨርሲቲው አጥር 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢበቅልም ደረሰኝ ባለው ነጋዴ እጅ አልፎ፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሶ ይገባል። መፍትሔው ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው፤ ፈቃድም ደረሰኝም አለው። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተፈቀደው ዓይነት፣ ከሲፒኦ ይልቅ ባደራጃቸው አካል ደብዳቤ ጨረታ የመግባት መብት ለእሱም በሰፊው ቢሠራ አንድ ግድግዳ ይፈርሳል።

የክፍያ መዘግየት ግን ከዚህ የከበደ ነው። አንድ አቅራቢ የ1 ሚሊዮን ብር እህል አስረክቦ ገንዘቡ 4 ወር ቢዘገይበትና የባንክ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን 60 ሺህ ብር በወለድ ሄደ። 6 በመቶ ማለት ነው። ትልቁ ነጋዴ ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በዋጋው ውስጥ ጨምሮ ያቀርበዋል። ማኅበሩ አያውቀውም፤ ወይም ቢያውቀውም አባላቱ 4 ወር አይጠብቁትም። ሕግ አውጪው 10 ወይም 15 በመቶ ልዩ አስተያየት ከመጨመሩ በፊት ክፍያው በ15 ቀን እንዲፈጸም ቢያስገድድ ገበሬውም ነጋዴውም ይጠቀማሉ፤ ለመንግሥት ካዝና ደግሞ ምንም አያስወጣውም። ይህ ጸሐፊ ከሌሎቹ ሐሳቦች ሁሉ ይህንን ያስቀድማል።

ጥራትን በተመለከተ ብዙ አንልም። የበቆሎ እርጥበት ከ13.5 በመቶ እንዳይበልጥ የሚጠይቅ ገዢ መጋዘን፣ መለኪያና ሸራ የሌለውን ማኅበር ማስወጣቱ የታወቀ ነው። ዩኒየኖቹ በፒ4ፒ ጊዜ ይህን ተምረውታል።

ደላላውስ? ገጻችንን የሚያነቡ ደላሎች «ታዲያ እኛ ልንጣል ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። የብራዚሉ ሕግ መካከለኛውን ለማስወጣት ታስቦ የወጣ መሆኑን መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን ማኅበሩ መኪና ይከራያል፣ ጆንያ ይገዛል፣ እህል ያስነፋል፣ ያስለቅማል፤ ገዢውም በየትኛው ወረዳ ምን ያህል ምስር እንዳለ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። እህሉን ሳይገዛ አገልግሎቱን በኮሚሽን የሚሸጥ ሰው ቦታ አለው። በግዥና በሽያጭ ዋጋ ልዩነት የሚኖረው ግን የመንግሥት ወጥ ቤቶችን ከደንበኞቹ ዝርዝር ማውጣት የሚጀምርበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ ከሁሉ የሚያስገርመው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶች በጀታቸው እንደጸደቀ፣ ተማሪ ከመግባቱ በፊት፣ በክረምቱ ውስጥ የምግብ ጨረታ ለማውጣት ይሯሯጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ግን የገበሬው ጎተራ የሚሟጠጥበት፣ የእህል ዋጋም በዓመቱ ከፍ የሚልበት ወቅት ነው። ጥር ላይ ገዝቶ መጋዘን ያስቀመጠ ነጋዴ ብቻ ነው በዚያ ወቅት 2 ሺህ ኩንታል አቀርባለሁ ብሎ መፈረም የሚችለው። የጥራጥሬውና የጤፉ ግዥ ወደ ታኅሣሥና ጥር ቢገፋ፣ ዕጣውም በ100 እና በ200 ኩንታል ቢከፋፈል ማኅበራቱ ምንም ልዩ አስተያየት ሳይጨመርላቸው ሰነድ ይገዙ ነበር። በዚህ ዓመት የሚወጡትን የዩኒቨርሲቲ የምግብ ጨረታዎች የሚከታተል አንባቢ የወጡበትን ወርና የዕጣውን መጠን አብሮ ይመልከት።